ከታላቁ ድቀት (ከ1929 በኋላ ከመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት) በፊት አሜሪካ ውስጥ እውነት ሁሉም ሰው ደልቶት ነበር? (ውርርድ አለበት)

ቡና በጣና ዳር፦

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ሲኒ ከጨበጡ አፋቸው አያርፍም፤ ከኳስ እስከ ዶላር ምንዛሬ የማይገቡበት የለም። ትናንት ደግሞ ምን እንደነካቸው እንጃ አሜሪካ ገቡ፣ ያውም የዛሬ መቶ ዓመቷ አሜሪካ።

አንዱ የቦታ ደላላ ነው። «ከ1929 በፊት የነበሩት አሥር ዓመታት ለአሜሪካ ገነት ነበሩ፤ ገበሬው መኪና ይነዳል፣ ሠራተኛው አክሲዮን ይገዛል፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት ገበያው ወደቀና ሁሉም ለማኝ ሆነ» ብሎ ድርቅ አለ። አጠገቡ የነበሩት ጡረተኛ ሰውዬ ደግሞ «ድሮም ውስጡን ለቄስ ነበር» አሉት። ተከራከሩ ተከራከሩና ተወራረዱ። የተሸነፈ ለሁላችንም አሳ ጥብስ ይጋብዛል። ዳኛዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ምንም አላውቅም።

የራሴም ጥያቄ አለኝ። ቤቱ አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ መኪናው አለ፣ ሰዉም አለ። ታዲያ አገር እንዴት ብሎ በአንድ ሌሊት ይደኸያል? ገንዘቡ የት ሄደ? (ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ እንዳታደናግሩኝ።)


የድሮ ባንከኛ፦

ልጄ፣ ደላላው ግማሹን ይዟል። ዕድሜዬን ባንክ ቤት ስለጨረስኩ ከገንዘቡ ልጀምር፣ ሌላውን የሚያውቅ ይሙላበት።

መድላቱ ውሸት አይደለም። በ1920 መብራት ያለው ቤት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነበር፣ አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ከሦስቱ ሁለቱ ሆነ። የቤት መኪናው ከ8 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ 23 ሚሊዮን ደረሰ። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ርካሹ 300 ዶላር አይሞላም። ሬዲዮ በ1920 ፒትስበርግ ላይ የምርጫ ውጤት ሲነበብበት ጥቂት ሰው ነው የሰማው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 12 ሚሊዮን ቤት ገብቷል።

ገንዘቡ የት ሄደ ላልሽው ግን፣ አብዛኛው ድሮም አልነበረም። አንቺ 10 ዶላር አለሽ እንበል። አክሲዮኑ 100 ነው። አሻሻጩ 90ውን ያበድርሽና ትገዢያለሽ። ዋጋው 120 ሲገባ ትሸጫለሽ፣ 90ውን ትመልሻለሽ፣ 30 በእጅሽ ነው። ወለዱን እንተወው። 10 ዶላር ይዘሽ ገብተሽ በ30 ወጣሽ፣ ጎረቤትሽ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ ያጣል። አሁን ገልብጪው። 100 የነበረው 90 ቢገባ ያንቺ 10 ዶላር የለችም። አሻሻጩም ይደውላል፦ «ጨምሪ፣ አለዚያ እሸጠዋለሁ»። ይህ ስልክ በአንድ ቀን ለስንት ሺህ ሰው ተደወለ። ሁሉም ሊሸጥ ተነሣ፣ ገዢ የለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው።

«በአንድ ሌሊት» የሚለውን ግን ደላላው ይተወው። የአክሲዮን ዋጋ መውጣት መውረዱን የሚያሳየው የዶው ጆንስ መለኪያ በሴፕቴምበር 1929 መጀመሪያ 381 ነበር። ኦክቶበር 28 ቀን 13 በመቶ ያህል ወረደ፣ በማግስቱ ደግሞ 12 በመቶ ገደማ። ሰው የሚያስታውሰው እነዚህን ሁለት ቀናት ነው። ግን መውረዱ ሦስት ዓመት ነው የቀጠለው፤ በጁላይ 1932 መለኪያው 41 ገባ። ወደ ድሮ ቦታው የተመለሰው በ1954 ነው። በ1929 ጎልማሳ የነበረ ሰው ገበያው ሲያገግም ሽማግሌ ሆኖ ነው ያየው።

ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ አክሲዮን ይገዛ ነበር የሚባለው ተረት ነው። አገሩ 120 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፣ አሻሻጭ ዘንድ ሒሳብ የከፈተው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቀረው ሰው የተመታው በባንኩ በኩል ነው። በዚያ ዘመን ባንክ ሲዘጋ ያስቀመጥሽው ገንዘብ አብሮ ቀረ ማለት ነው፤ የተቀማጭ መድን የመጣው ከ1933 ሕግ በኋላ ነው። እና ስሚ፣ ገበያው ሳይወድቅ፣ በዚያ «ገነት» በተባለው ዘመን ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ባንኮች ተዘግተዋል። አብዛኞቹ የገጠር ትንንሽ ባንኮች ነበሩ። ለምን እንደሆነ ገበሬ የሚያውቅ ሰው ይንገርሽ።


ሦስት እግር፦

ጋሼ፣ ሁልጊዜ ዱቤ ዱቤ እያላችሁ ታስፈራሩናላችሁ። እኔ ዛሬ የምነዳት ባጃጅ በዱቤ ነው የመጣችው። ጥሬ ብር እስኪሞላልኝ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን የሰው ረዳት ነበርኩ። ያ አሜሪካዊም በዱቤ መኪና ባይገዛ ፋብሪካው ለማን ይሸጣል? ሠራተኛውስ ደሞዝ ከየት ያገኛል? አትፍረዱበት።


የድሮ ባንከኛ፦

አልፈረድኩም የኔ ልጅ። ባጃጇ በየቀኑ ገቢ ታስገባለች፣ ያ ሌላ ነው። ግን አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ አንተ ትወደዋለህ።

ሄንሪ ፎርድ ዱቤ አይወድም ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ግን በ1919 አበዳሪ ድርጅት አቋቁሞ «ትንሽ ክፈል፣ መኪናውን ዛሬ ውሰድ፣ ቀሪውን በየወሩ» ማለት ጀመረ። ፎርድ በ1923 የራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። በየሳምንቱ 5 ዶላር ታስቀምጣለህ፣ ዋጋው ሲሞላ መኪናህን ትወስዳለህ። ልክ እንደኛ ቁጠባ፣ እንደ ዕቁብ በለው፤ ዕቁብ እንኳ ዕጣ ከወጣልህ ቀድመህ ትወስዳለህ፣ የሱ ያም የለውም። ምን ሆነ መሰለህ? ሰዉ ፊቱን አዞረበት። ጎረቤቱ በዱቤ ባለቀለም ሸቭሮሌት ውስጥ ተቀምጦ ጡሩምባ እየነፋ ሲያልፍ፣ ማን ነው በሳምንት 5 ዶላር እያጠራቀመ ዓመት የሚጠብቅ? በ1927 ሞዴል ቲ 15 ሚሊዮን ደርሶ ቆመ። በ1928 ፎርድ ራሱ አበዳሪ ድርጅት ከፈተ።

ነገሩ መኪና ላይ ቢቆም ደህና ነበር። ሬዲዮውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የልብስ ማጠቢያውም በዱቤ ሆነ። የነገ ደሞዝ ዛሬ ተበላ። ነገ ሲመጣ ታዲያ ሰዉ ሌላ አይገዛም፣ ያለፈውን ይከፍላል። ፋብሪካው ግን ሰዉ እንደ ትናንቱ የሚገዛ መስሎት ያመርታል። መኪናና ቤት ግንባታ እኮ ገበያው ከመውደቁ በፊት ነው መቀዝቀዝ የጀመሩት።


የወረታ ልጅ፦

ጋሼ ገበሬ የሚያውቅ ያሉት እኔን ነው መሰለኝ 😂

ከፎገራ ነኝ፣ የሽንኩርት ገበሬ ልጅ። እዚህ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት ሽንኩርት ይወደዳል። በሚቀጥለው ዓመት ያየው ሁሉ ይተክላል፤ ጄኔሬተር ይከራያል፣ ዘር ይበደራል፣ መድኃኒት በዱቤ ይወስዳል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይነቅላል። አንድ ዓመት አባቴ ለማስነቀያ የሚከፍለው ከሽያጩ በልጦበት ማሳው ላይ ትቶት ለከብት ለቀቀው። ሽታው እስከ ቤታችን ይመጣ ነበር፣ እናቴ ሽንኩርት ለወጥ ለመክተፍ እንኳ አስጠልቷት ነበር።

የአሜሪካ ገበሬ የደረሰበትም ይኸው ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ ታረሰ አልታረሰ፣ የሚበላው ከአሜሪካ ነበር። ስንዴ ወርቅ ሆነ። በ1919 አንድ ቡሼል፣ ማለት 27 ኪሎ ገደማ፣ ከ2 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ገበሬው ባንክ ሄዶ ተበድሮ መሬት ጨመረ፣ ትራክተር ገዛ። ጦርነቱ አለቀ፣ አውሮፓ ወደ እርሻው ተመለሰ። በ1921 ያው ቡሼል 1 ዶላር ገደማ ገባ። ጥጥማ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ዕዳው ግን በድሮው ዋጋ የተበደረው ዕዳ ነው፣ አይቀንስም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ትራክተሩ ራሱ ጠላት ሆነበት። ድሮ ከማሳው ሰፊ ድርሻ ለፈረስና ለበቅሎ መኖ ነበር የሚሄደው። ፈረሱ ሲቀር ያ መሬት እህል አበቀለ፣ እህሉ በዛ፣ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል ይበልጥ ያመርታል። እኛም ቤት ያየሁት ነው፣ «ዘንድሮ ከሰርን፣ ለከርሞ እጥፍ እንትከል»።

ገበሬው ሲከስር ያበደረው የገጠር ባንክ ከሰረ። 5 ሺህ ባንክ ያሉት ከዚህ ነው የመጣው። ከሠራተኛው አንድ አራተኛ ያህሉ በእርሻ በሚኖርበት አገር፣ ለገበሬው ድቀቱ የጀመረው በ1920 ነው፤ ኒውዮርኮች የሰሙት በ1929 ነው። ምክር ቤቱ ትርፉን እህል መንግሥት ገዝቶ ውጭ ይሽጠው የሚል ሕግ ሁለት ጊዜ አወጣ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1927ም በ1928ም ሻረው። ለፋብሪካው ግን በ1922 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጥሎለት ነበር። እሱ እርዳታ አይባልም።

ገበሬው መኪና ይነዳ ነበር ላለው፣ አዎ ብዙዎቹ ነበራቸው። መብራት ግን ከአሥሩ የገጠር ቤት አንዱ ቢኖረው ነው።


ጥቁር ሰሌዳ፦

ታሪክ አስተምራለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ከመብራቱ ልነሣ፣ ምክንያቱም ኩሊጅ ራሱ ፕሬዚዳንት የሆነው በፋኖስ ነው። ቀልድ አይደለም። በኦገስት 1923 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በድንገት ሞተ። ምክትሉ ኩሊጅ ቬርሞንት ገጠር አባቱ ቤት ተኝቷል። ቤቱ መብራትም ስልክም የለውም። መልእክተኛ መጥቶ ቀሰቀሳቸው። አባትዬው መሐላ የማስፈጸም ሥልጣን ነበራቸው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በጋዝ ፋኖስ ብርሃን ልጃቸውን አማሉት። ከዚያ አዲሱ ፕሬዚዳንት ተመልሶ ተኛ።

ያስር ዓመቱ ፖለቲካ በአጭሩ፣ ሦስት የሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች ተከታተሉ። ሃርዲንግ በ1920 «ወደ ደንቡ እንመለስ» ብሎ 60 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመረጡበት የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ወዳጆቹ ግን አዋረዱት። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል የባሕር ኃይሉን የነዳጅ መሬት በጎን አከራይቶ ጉቦ በላ፣ በኋላም ወህኒ ወረደ። ኩሊጅ ቁጥብ ነበር፣ መንግሥት ባላደረገ ቁጥር ይሻላል ባይ። የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ሜለን በባለጸጎች ላይ የነበረውን ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ73 በመቶ ወደ 25 አወረደው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂት የማይባለው ጋሼ ወደ ነገሯችሁ አክሲዮን ገባ። በ1928 ሁቨር ዕጩ ሲሆን አሜሪካ ድህነትን ድል ልታደርግ ከመቼውም በላይ ተቃርባለች አለ። ገና ሥልጣን በያዘ በስምንተኛው ወር ገበያው ተናደ። አንዳንድ ሰው ዕድሉ እንዲህ ነው።

«ሁሉም ሰው» የሚለው ቃል ነው እኔን የሚያናድደኝ። በ1921 ኦክላሆማ ቱልሳ ውስጥ ሠርተው የከበሩ ጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ ነጭ መንጋ ገብቶ በሁለት ቀን አመድ አደረገው። ጥቁሮችን የሚጠላው የነጮች ማኅበር ኩ ክለክስ ክላን በሚሊዮን የሚቆጠር አባል ነበረው፣ በ1925 በአሥር ሺህ የሚቆጠሩት ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ዋሽንግተን ላይ በሰልፍ ሄዱ። እና ዲቪ የምትሞሉ ይህን ስሙ፤ የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ከየአገሩ በዓመት ለሚገባው ሰው ኮታ ቆረጠ። ጀርመን 51,227። ጣሊያን 3,845። ኢትዮጵያ 100። ለመላው አገር! ሁለት አውቶብስ ይሞላል አይሞላም።

አሁን ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እህቴ፣ ቡና ከምትሸጪበት ወደ ዓባይ መውጫው ብትሄጂ ያ የደለበ ዘመን የኒውዮርክ ገንዘብ ልኮ ሊነካው የነበረውን ቦታ ታያለሽ።

እንግሊዞች በ1902 ከምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል ያለ እነሱ ፈቃድ ጣናና ዓባይ ላይ ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ አስረውን ነበር። ሱዳን ላይ ጥጥ ያለማሉ፣ የሰናር ግድባቸው በ1925 አልቋል፣ ስለዚህ ጣናን እንደ ጎታቸው ነበር የሚያዩት። በዚያው ዓመት ከጣሊያን ጋር በጎን ተስማሙ፤ አንተ ባቡር መንገድህን ዘርጋ፣ እኔ ጣናን ልገድብ ተባባሉ። ራስ ተፈሪ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያ ሌላ በር አንኳኩ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን፣ በልጅነታቸው ከመቅደላ እንግሊዞች የወሰዷቸውን የጎንደሩን ሰው፣ ኒውዮርክ ላኩ። ጄ ጂ ዋይት ከሚባል የምሕንድስና ኩባንያ ጋር የጣናን መውጫ ስለመገደብ ተነጋገሩ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለንደን ደነገጠች። ወርቅነህ በዚያው ጉዟቸው ሃርለም ሄደው ለጥቁር ባለሙያዎች «ኑና አብረን እንሥራ» ብለዋል።

ለምን አሜሪካ? አንደኛ እዚህ ቅኝ ግዛት የላትም። ሁለተኛ በዚያን ጊዜ የኒውዮርክ ገንዘብ ከአገሩ ሞልቶ መውጫ ይፈልግ ነበር። ለጀርመን ያበድራሉ፣ ጀርመን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ የጦር ካሳ ትከፍላለች፣ እነሱ ደግሞ የጦርነት ዕዳቸውን ለአሜሪካ ይከፍላሉ። ያው አንድ ብር ነው የሚዞረው። ከ1928 ጀምሮ አክሲዮኑ ሲያብድ ያ ገንዘብ ወደ ቤቱ ተጠራ፤ ጀርመን መንገዳገድ ጀመረች።

የጄ ጂ ዋይት መሐንዲሶች ከ1930 ጀምሮ ጣና መጥተው ለክተው ሄዱ። ግድቡ ግን ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ መጣ። መውጫው ላይ ዛሬ የምታዩት ጨረጨራ የሚባለው የውሃ መቆጣጠሪያ የተሠራው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጁ።


ሦስት እግር፦

እኔ በየቀኑ ድልድዩ ላይ የምመላለስ ሰውዬ ይህን ዛሬ መስማቴ! መምህር ይባርክዎ። ለተሳፋሪ እነግራለሁ፣ ሒሳብ ግን አልቀንስም።


የድሮ ባንከኛ፦

መምህር፣ ጥሩ አድርገህ አስታወስከን። ልጄ፣ አሳውን ከመብላታችሁ በፊት ለዚያ ደላላሽ ይህችን አንብቢለት፣ የሙያው ናት።

ከአክሲዮኑ በፊት ያበደው ፍሎሪዳ ነው። በ1925 ማያሚ ላይ ጎረምሶች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ቦታ ይሸጡ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው። የቦታውን 10 በመቶ ቀብድ ትከፍያለሽ፣ ደረሰኝ ይሰጥሻል። ሁለተኛው ክፍያ እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ አለሽ። እስከዚያ ቦታውን ሳይሆን ደረሰኙን ለሌላ አትርፈሽ ትሸጫለሽ። እሱም ይሸጠዋል። አንዲት ወረቀት በአንድ ቀን ስንት እጅ ትዞራለች፤ ቦታውን ያየ ግን የለም። ብዙው ሰው ከሰሜን ሆኖ በፖስታ ነው የሚገዛው። ቦስተን ላይ በ1920 «በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ» ብሎ ሕዝብ ያስለቀሰው ቻርልስ ፖንዚ እንኳ እስር ቤት ከርሞ ሲወጣ ፍሎሪዳ ሄዶ ረግረግ ሸነሸነ።

ከዚያ ባቡሩ በጭነት ታነቀ። በጃንዋሪ 1926 አንድ ትልቅ መርከብ የማያሚ ወደብ አፍ ላይ ተገልብጦ መንገዱን ዘጋ፣ የግንባታ ዕቃ መግባት አልቻለም። በሴፕቴምበር አውሎ ነፋሱ መጥቶ የቀረውን ጠረገው። ይህ ሁሉ የሆነው ከ1929 ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ሰዉ ግን አልተማረም፣ ከቦታ ወደ አክሲዮን ዞረ።


ቡና በጣና ዳር፦

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ሦስተኛውን ቡና ካቀረብኩ በኋላ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ቡናው ቀዝቅዞ ነው የጠጡት። ጡረተኛው ስለ ፋኖሱ ሲሰሙ ሳቁ፤ ስለ ወረታው ሽንኩርት ሲሰሙ ግን ዝም ብለው ሐይቁን ያዩ ነበር፣ ኋላ ሲነግሩኝ እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው።

ደላላው መጀመሪያ «ጋሼ ግማሹን ይዟል ብለዋል፣ ስለዚህ ግማሽ አሳ» እያለ ይከራከር ነበር። ፍሎሪዳ ላይ ስደርስ ዝም አለ። ሐምሌ ውስጥ ያሻሻጠው የሐይቅ ዳር ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ክረምት ጣና ሲሞላ ታንኳ የሚያልፍበት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ያቺን አንቀጽ ለራሱ ደግሞ አነበባት። ከዚያ ቀና ብሎ «ደረሰኙን የገዛው ሰውዬ ነው ወይስ መጀመሪያ የሸጠው ነው የሚከሰሰው?» አለኝ።

ጋሼ፣ ይህን ይመልሱለት። አሳውን ከፍሏል።